ጭስ አልባዋ ላሜራ

ኑ፣ ቀረብ በሉ። ጭስ የለም፣ ዓይናችሁን አያቃጥላችሁም። ድሮ እዚህ ቤት የመጣ እንግዳ ከሰላምታው በፊት እንባውን ነበር የሚጠርገው። ጎረቤቶቼማ «እሷ ቤት ገብቶ ያላለቀሰ የለም፤ ድንኳን ብቻ ነው የቀረው» ይሉኝ ነበር። ዛሬ በደረቅ ዓይን ትገባላችሁ፣ በደረቅ ዓይን ትወጣላችሁ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። የምትጽፈው ከደሴ የመጣች የልጄ ልጅ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የቆጠርኩት ላም ነው።

ወተት ሻጭ ነኝ። ቆቦ ወርዳችሁ «ወተቷ ሴትዮ ጋ» ብትሉ ማንም ባጃጅ ያመጣችኋል። ሰው ወተቴን የሚወደው ደግሞ በጭሱ ነው። ቅሉን በወይራ እንጨት አጥነዋለሁ፤ እርጎው ከጠጡት በኋላ እንኳን ከጉሮሮ የማይለቅ ሽታ አለው። ከዋጃ የሚመጣ ሹፌር ሚኒባሱን አቁሞ፣ ተሳፋሪውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ቆሞ ይጠጣል። እና እኔና ጭስ ተጣልተን አናውቅም። ሟቹ ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «አንቺን እኮ ገበያ መሀል ዓይኔን ጨፍኜ በጠረንሽ አገኝሻለሁ» ይለኝ ነበር። ማሞገሱ ይሁን መስደቡ ሳልጠይቀው ሄደ።

ታዲያ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለሲስተር አከራየሁ። ሲስተር ነርስ ናት፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፤ ቀጭን፣ ቀስ ብላ ስትሄድ እንኳን የምትሮጥ የምትመስል። አንድ ልጅ አለቻት፣ ቤዛ ትባላለች፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። የእኔ ልጆች አድገው በየአገሩ ተበትነዋል፤ ቤቴ ከላሚቱ በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ግን ጠዋት ላሜን ሳልብ አጠገቤ ቁጢጥ ትልና ጥያቄዋን ታዘንበዋለች። «እማማ ወተት፣ ላሟ አይኮረኩራትም? እማማ ወተት፣ ወተቱ ሌሊት የት ይተኛል?» ስሜ እማማ ወተት ሆነ። እናት አባቴ ባወጡልኝ ስም ብትጠሩኝ ዛሬ ዞር አልልም።

የልጅቱ ደረት ግን ሲር ሲር ይላል። አስም ነው አለች እናትየው። እሳት በለኮስኩ ቁጥር ልጅቱ ጥያቄዋን ታቋርጥና ሲር ሲሩ ይጀምራል። አንድ ቀን ሲስተር ነጠላዋን እያጠባበቀች መጣች።

«እማማ፣ እርስዎ እናቴ ነዎት» አለች። እናቴ ነዎት ተብሎ የሚጀመር ነገር መጨረሻው እንደማያምር አውቃለሁ። «ግን ጭሱ ልጄን ጎዳብኝ። መሀል ከተማ ያለው ፎቅ ላይ ክፍል አግኝቻለሁ። እንጨት ማንደድ ክልክል ነው፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚያበስሉት።»

«መብራት ሲጠፋስ ምን ይበላሉ?»

«ዳቦ።»

«ሲቆይስ?»

«የቆየ ዳቦ።»

ልጅቱ ፎቅ ላይ ወጥታ፣ ላም ሳታይ፣ የቆየ ዳቦ እየበላች ታየችኝ። ብድግ አልኩና እንደ ቀበሌ ሰው ጣቴን ቀስሬ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የእኔም ጊቢ ጭስ የተከለከለበት ነው። አብሽሪ፣ የትም አትሄጂም» አልኳት።

ይሄን ያህል ትልቅ ነገር ተናግሬ ስቀመጥ ነው፣ በምን እንደማበስል እንዳላሰብኩ የገባኝ። የእኛ መብራት እንደምታውቁት ነው፤ ሲመጣ እልል እንላለን፣ ሲሄድ አይሰናበትም። ከሰል ላድርገው ስል ሲስተር «እሱ ጭሱ የማይታይ ነው እንጂ የባሰ ነው» አለች። ለጥቂት ቀን ጎረቤት እያበሰልኩ፣ ድስት ተሸክሜ እየተመላለስኩ ከረምኩ። ኋላ ሲስተር ራሷ አዘነችልኝና «እማማ፣ ጭስ አልባ ምድጃ የሚባል አለ እኮ። እንጨቱ ያው እንጨት ነው፣ ምድጃው ግን አያጨስም። እሱ ከተገኘ እኔም አልሄድም» አለችኝ።

ጭስ አልባ። ይሄ የተማረ ሰው ቃል ነው፤ ጭስ የሌለበት ማለት እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳልብ የኖርኩ ሰው ነኝ። አልቤ፣ አልበሽ፣ አልባ። ጭሱን አልባ የምታመጣ ምድጃ አለች ማለት ነው አልኩ፤ እኔ ከላሜ ወተት አልቤ እንደምመጣው እሷም ከእንጨቱ ጭሱን አልባ ትጨርሰዋለች። አላቢ ትሁን ታላቢ አልለየሁትም። ብቻ የከብት ነገር ነው፣ በከብት ነገር ደግሞ እኔን ማን ይመክረኛል?

ገበያው ዳር ብረት በር የሚበይድ ሙሔ የሚባል ልጅ አለ። ምድጃም ይሠራል ተባልኩና ሄድኩ።

«እማማ፣ በር ነው መስኮት?» አለኝ።

«ጭስ አልባ ምድጃ።»

«ሞልቷል።»

«የት ነው የምታልበው?»

«ምኑን?»

«ጭሱን ነዋ።»

ሙሔ የዓይን መከለያውን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ የበራቸውን ማጠፊያ ሊያስበይዱ ተቀምጠው ነበርና ወደሳቸው ዞሮ አየ። አያ እንድሪስ በሂና የቀላ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ አላገዙትም።

«እማማ፣ ጡት የለውም እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እሱን እኔም አያለሁ። አምጣቸውና ልምረጥ።»

የመጀመሪያዋን አመጣ። አናቷ ላይ ረጅም ቧንቧ ተክሎባታል።

«ይቺ ጭሱን በቧንቧው ወደ ላይ ታወጣዋለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነፋስ ይወስደዋል።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ፤ ወደ ጎረቤት።»

«የእኔ ጎረቤት የልጅቱ መስኮት ነው። ይቺ የራሷን በረት ትታ ሰው ማሳ ገብታ የምታበላሽ ላም ናት። መልሳት።»

ሁለተኛዋ ከታች ማራገቢያ ያላት ናት፣ ባትሪ የምትጎርስ። ሙሔ ቁልፏን ሲነካት ዝም ብላ አልተነሳችም፤ ከሆዷ የቆየውን አመድ ሁሉ ሰብስባ አያ እንድሪስ ጢም ላይ ተፋችው። ያ የሚያምር ቀይ ጢም ባንዴ ሽበት ሆነ።

«ለስንት ጊዜ የተቀባሁትን» አሉ አያ እንድሪስ፣ እያስነጠሱ። «ዕድሜዬን መለሰችልኝ።»

«ባትሪው ሲያልቅስ?» አልኩት ሙሔን።

«ያው ትቆማለች።»

«ትራገጣለች፣ ቀለቧም ከሱቅ ነው። አትሆነኝም።»

ሦስተኛዋ ጥግ ላይ ነበረች። አጠር፣ ድቡልቡል ያለች፣ አንገቷን ቀብራ የተቀመጠች። ሳያት ደስ አለችኝ፤ አንዳንድ ላም አለች፣ ገበያ መሀል ሳትጮህ ቆማ «እኔ ነኝ» የምትል።

«ይቺስ?»

«ይቺ ባለ ድርብ ላሜራ ናት።»

«ምን አልክ?»

«ላሜራ። ብረቱ ነው ስሙ፣ ላሜ፣ ራ።»

«ራ»ዋን አልሰማኋትም። ላሜ አለ፣ እኔም ላሜ አልኩ፣ አለቀ።

ዞርኳት። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት፣ አልተንሻፈፈችም። አፏን አየሁ፣ ሆዷን በእጄ ለካሁ። «ወልዳለች?» አልኩት። ሙሔም ነገሩን ለምዶት «እህቶቿን ሮቢት ገበያ ሸጫቸዋለሁ፣ የከሰሰ የለም» አለኝ። «አመሏስ?» ስለው «አመለ ሸጋ ናት፤ ብቻ ደረቅ እንጨት፣ በቀጭኑ የተፈለጠ፣ ጥቂት ጥቂት ነው የምትሰጫት። የምትለኮሰውም ከላይ ነው። ከታች ደግሞ...»

«ቆይ» አልኩት። «አልቤ ካላየሁ አልገዛም።» እኛ ራያዎች ሳናልብ ላም አንገዛም፤ ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።

ሙሔ ስንጥር እንጨት ደረደረና ከላይ ለኮሳት። ጭሱ ብቅ አለ፤ እኔም ልማዴ ነውና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ግን ጭሱ የለም። ወደ ውስጥ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ላይኛው ከንፈሯ ሥር ዙሪያውን ቀዳዳ አላት፣ በየቀዳዳው ቀጭን ነበልባል ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጭሱ ከእንጨቱ ሊነሳ ሲል እነዚያ ነበልባሎች ይቀበሉትና ይውጡታል። ሱብሓነላህ። ያን ያህል ዘመን ሦስት ጉልቻ ላይ ተንበርክኬ ሳራግብ፣ ጭስ ራሱ የሚነድ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ስናባክነው ኖረናል እኮ። ይሄ የሙሔ ጭንቅላት ይባረክ።

«አያ እንድሪስ፣ ይኸው ጡቱ» አልኩ፣ ነበልባሎቹን እያሳየሁ።

አያ እንድሪስ ጎንበስ ብለው አዩና «አራት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነው» አሉ። እሳቸውም አደነቁ።

በዚህ ሁሉ መሀል ያ «ከታች ደግሞ» የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌያት ወደ ቤት መጣሁ።

መንገድ ላይ ታዲያ አመድ በቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ገልብጬ ሳያት ከታች ዙሪያዋን ተበስታለች። አዬ ሙሔ፣ ላይዋን እንዲያ አሳምሮ ታችዋን ረሳው አልኩ። የሚያፈስ ዕቃ የወተት ሻጭ ቤት አይገባም፤ ማለቢያዬ ግሬራ ቀዳዳ ካወጣ ምኑ ላይ ነው የማልበው? ልጅቱ የቀን እንቅልፍ ላይ ሳለች ጭቃና እበት አቦካሁ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈንኩ፣ በመዳፌ አለሰለስኩ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩ። ቤዛ ስትነሳ «ይቺ ላሜ ናት፤ የምትበላው እንጨት ነው፣ የምትጠጣው ጭስ» አልኳት። ጀርባዋን ዳበሰቻት፣ «አትዋጋም?» አለችኝ፣ «አትዋጋም» አልኳት፣ ወዲያው ተዋደዱ።

ሲመሻሽ ጎረቤት ጠራሁ፤ ይሄን ተአምር ለብቻዬ ማየት ነውር መስሎኝ። ላም ካልጠገበች አትታለብም ብዬ ደግሞ አጎረስኳት። የማሽላ አገዳ፣ ኩበት፣ ገና ያልደረቀ የግራር ጉማጅ፤ እስከ አንገቷ ጠቀጠቅኩ። የሙሔ ምክር «ጥቂት ጥቂት» የሚለው ትዝ ቢለኝም፣ ሻጭ ሁሉ ላሙን ትንሽ ትበላለች ነው የሚለው ብዬ ተውኩት። ለኮስኩ።

ቆቦ ቆላ ነው፣ ጉም አያውቅም። ያን ዕለት አወቀ። ጭሱ በአፏ ወጣ፣ በጎኗ ወጣ፣ ያለ ቀዳዳም የወጣ መሰለኝ። የእውነቷ ላም ገመዷን በጥሳ ሄደች። ዶሮዎቹ መሸ ብለው ቆጥ ላይ ወጡ። ከአጥር ማዶ ዘይነባ የምትባል አንደበተ ስለታም ጎረቤቴ አንገቷን አሰገገች።

«እትዬ፣ ቤት ነው የሚቃጠለው?»

«አይደለም፣ ጭስ አልባ ምድጃ ነው።»

«አልባ አልባ ደፋችው በይኛ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ከጓሮ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ሲር። ሲር። ሲር። እንደዚያ ቀን ጮክ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ውኃ ቸለስኩበትና ሮጥኩ፤ ሲስተር ቀድማኝ ደርሳለች፤ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ልጅቱ አፍ ላይ አድርጋ ትይዛታለች። የልጅቱ ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀስ እያለ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሲር ሲሩ ወረደ። ሲስተር ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልሰደበችኝም።

«እማማ፣ ለእኛ ብለው እንደደከሙ አውቃለሁ» አለች። «ነገ ጠዋት ግን ባጃጅ ይመጣል።»

ጠዋት ባጃጁ መጣ። ሹፌሩ ፍራሹን ጣራው ላይ አሰረ። እኔ ተመልሳ የመጣችውን ላሜን አልቤ፣ ወተቱን ለልጅቱ ስንቅ በቅል ሞላሁ፤ ሌላ የምሰጣት ምን አለኝ? ቤዛ ላሚቱን ተሰናበተቻት። ቀጥላ ምድጃዋን ልሰናበት ብላ ቁጢጥ አለች፤ ዞረቻት፣ ከታች አየች፣ ከላይ አየች።

«እማማ ወተት፣ ላሜ አፍንጫዋ የታለ?»

«ምድጃ አፍንጫ የላትም፣ ሆዴ።»

«ላም ናት ብለሽኛል።»

በላም መጣችብኝ፣ ምን ልበላት። ትንሿን ጣቷን ከታች ሰደደችና የደረቀውን ጭቃዬን ጫር ጫር አደረገችው። ፈርፈር ብሎ ወደቀ፣ ቀዳዳው ታየ።

«ይኸው አፍንጫዋ» አለች። «ተደፍኗል። ለዚህ ነው ያሳላት። እንደ እኔ።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሙሔ ያልጨረሰው «ከታች ደግሞ» አሁን ጆሮዬ ላይ ደረሰ። ለካ የምትተነፍሰው በዚያ ነው። ለካ ሙሔ አልረሳም፤ አፍንጫ ሠርቶላት እኔ ነኝ አንቄ የያዝኳት። አንቄ ይዤም ጉሮሮዋ ድረስ አጎረስኳት።

«ሲስተር» አልኩ፣ «አንዴ። ፍራሹ አይውረድ፣ ባጃጁም አይሂድ። አንዴ ብቻ ልሞክራት። ልጅቱን ከበር ውጪ ይዘሻት ቁሚ።»

ሚስማር አመጣሁና ጭቃዬን ከየቀዳዳው አወጣሁ። ደረቅ እንጨት፣ በቀጭኑ የተፈለጠ ብሎ የለ? እንዲህ ያለ እንጨት ቤቴ ውስጥ አንድ ብቻ ነበረ፤ ለቅል ማጠኛ ብዬ ያስቀመጥኩት ወይራ። የእርጎዬ ሽታ እሱ ነው። እሱን ጥቂት ደረደርኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ ከላይ ለኮስኩ። ባጃጁ ከውጪ ጥሩምባውን ነፋ።

ጭሱ ብቅ አለ። አየኝ። ተመልሶ ገባ። ከዚያ በኋላ የታለ? እነዚያ ነበልባሎች በየጡታቸው ተንጠልጥለው ሹክ ሹክ ይላሉ እንጂ ጭስ የሚባል የለም።

ሲስተር ልጅቱን ለዘይነባ ሰጥታ መጣች። ነጩን ጋዋኗን ከሻንጣ አውጥታ ከእሳቱ በላይ ዘረጋችው፣ ቆየች፣ ገለበጠች፣ አየች። ነጭ ነው። አሸተተችው።

እኔ ደግሞ ጨርቅ አላምንም። ወተት ነው የማምነው፤ ጎረቤት ሽንኩርት ቢጠበስ ክዳኑ ክፍት የቀረ ወተት ይናገራል። ቅል ያልነካው አንድ ኩባያ ወተት ከላሚቱ አልቤ ያለ ክዳን እሳቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሹፌሩ ጥሩምባ መንፋቱ ሰልችቶት ሞተሩን አጠፋ፣ ገብቶ እሱም ቆመ። ሦስታችንም አንዲት ኩባያ ላይ አፈጠጥን። ኋላ አንስቼ ቀመስኩ።

ወተት ነው። ወተት ብቻ። ከተወለድኩ ጀምሮ ጭስ የሌለበት ወተት ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጣፈጠኝም። እንዲህ ያልጣፈጠኝ ነገር እንዲህ አስደስቶኝም አያውቅም።

ለሲስተር ሰጠኋት። ቀመሰች፣ ደገመች፣ ጨረሰች።

«ፍራሹን አውርደው» አለችው ሹፌሩን።

«የት ላድርገው?»

«ከነበረበት።»

ሹፌሩ እኔን አየ፣ ምድጃዋን አየ። «ለዚች ነው ጠዋቴን ያቃጠላችሁት?» አለና ፍራሹን መፍታት ጀመረ። እርጎ አቀረብኩለት፤ ንዴቱ ወረደ። በነጋታው እናቱን ይዞ መጣ፣ ምድጃዋን ሊያሳያት።

አሁን ቅሌን የማጥነው እዚህ አይደለም፤ ከከተማ ወጥቼ ጎሊና ወንዝ ዳር፣ ወንድሜ ማሳ ላይ ነው። ቅሎቼን አንጠልጥዬ ስወጣ ዘይነባ «ደግሞ ዛሬ ጭስ ልትቀጂ ነው?» ትለኛለች። አዎ፣ ጭስ ልቀዳ ነው። እዚያ እንደ ልቤ አጨስና ክዳኑን ገጥሜ እመለሳለሁ። ሲስተርም ፈቅዳለች፤ «በጉሮሮ ይውረድ እንጂ በደረት አይግባ» ነው ያለችው። ቤዛ እርጎዋን ጠጥታ ከንፈሯን እየላሰች «እማማ ወተት፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ድገሚኝ» ትላለች።

ልጅቱ ጨርሳ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። አቧራ ሲነሳ ያ ነገር ይመለስባታል፣ መድኃኒቱም ከእናቷ ኪስ አይጠፋም። ግን ከእኔ እሳት አይደለም። ማታ ማታ የላሜን አፍንጫ በሚስማሬ አጽድቼ፣ ከላይ ለኩሻት፣ የማሽላ ገንፎዬን እጥድና ጆሮዬን ወደ ጓሮ አቀናለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ያንን ሲር ሲር ፍለጋ። ልጅቱ ስትስቅ እሰማለሁ፣ ስትጠይቅ እሰማለሁ። ትንፋሿ ግን አይሰማኝም። የሚሰማኝ የላሜ ትንፋሽ ብቻ ነው።